የቁራ መልእክተኞች

አያታችን ባለፈው ሰሞን አንዲት ቀላል ጥያቄ ጠየቁን፤ መልሱ ጠፋን። «ዲግሪያችንን ግድግዳ ላይ የሰቀልነው ለዚህ ነው ወይ?» ብለን ነው እንግዲህ ይቺን ጽሑፍ መጫር የጀመርነው።

ከመቀጠላችን በፊት አንድ ነገር እናጥራ። «እኛ» ስንል ብዙ ሆነን እንዳይመስላችሁ፤ አንዲት ሴት ነን። ጋዜጠኝነት ስንማር «እኔ» የምትለው ቃል በጻፍናት ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ እየተሰረዘችብን ኖረን፣ ስንመረቅ ጨርሰን ተውናት። እማማ ጋ ደውለን «ደኅና ነን» ስንላቸው «ከማን ጋር ነሽ?» ይሉናል።

እናላችሁ፣ እማማ የሚኖሩት ከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ የነበረው ቤታቸው በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠናል። እማማ በመስኮቱ ቁልቁል ሲያዩ ቆዩና፣

«ልጄ፣ ያቺ በራችን ላይ የነበረችው ዛፍ ስሟ ማን ነበር?» አሉን።

ዛፏን እናውቃታለን። ከሥሯ ሰኞ ማክሰኞ ዘለናል። ገመድ አስረን ዥዋዥዌ ተጫውተንባታል። አንዴም ወድቀን ክንዳችን ወልቋል። ሃያ ምናምን ዓመት በጥላዋ ሥር ገብተን ወጥተናል። ስሟን ግን...

«ዛፍ ናት» አልናቸው።

«እሱንማ መቼ አጣሁት! በግ ናት አላልኩሽ።»

«እሺ፣ ጠይቀን እንመጣለን።»

«እንደ ቁራ መልእክተኛ እዚያው እንዳትቀሪ ታዲያ።»

ተሳሳቅን። ደረጃውን ስንወርድ ግን ሳቃችን ቀዘቀዘ። በዚያ ሰፈር ሰው የሚጠየቀው እማማን ነበር። ጠላው ለምን እንደኮመጠጠ፣ ልጅ ሲያስለው በምን እንደሚታጠን፣ የማን ቤት በማን ዘመን እንደተሠራ፣ ሁሉም «እስቲ እማማን ጠይቁ» ነው የሚባለው። አሁን እማማ ጠያቂ ሆኑ። ካሰብነው ደግሞ ነገሩ ቆየት ብሏል። መጀመሪያ የሰው ስም ይጠፋቸው ነበር፤ ቀጥሎ የዕቃ ስም፤ አሁን ደግሞ የዛፍ ስም። የሰፈራችን ነገር ተጽፎ የተቀመጠው ሁለት ቦታ ነበር፤ አንዱ ሰፈሩ ራሱ፣ ሁለተኛው የእማማ ጭንቅላት። የመጀመሪያው ፈርሷል። ሁለተኛውም ቀስ እያለ እየሄደ ነው።

እኛስ ምን እንሠራ ነበር? እኛማ ተምረናል! ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት የሚሉትን ጥያቄዎች በቃላችን ይዘን ባለሥልጣን ጠይቀናል፤ ዘፋኝ ጠይቀናል፤ ሯጭ ጠይቀናል። ምጣድን ግን ማን ይጠይቃል? ዜና ማለት አዲስ ነገር ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ዜና አይደለም ተብለን ነው የወጣነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ማንም አይጽፈውም። ማንም ያልጻፈውም የሚያውቁት ሰዎች ሲያልፉ አብሮ ያልፋል። አዋቂ ነን ባዮች ያላየናት ቀዳዳ ይቺ ናት።

ስለዚህ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛን። በየሳምንቱ እሑድ እማማን እየጠየቅን፣ የጎደለውን ከመጻሕፍት እየሞላን፣ ስለዚያች ግቢ ተራ ተራ ነገሮችን መጻፍ ጀመርን። ከደብተሩ ጥቂቱን እነሆ።

ባሕር ዛፍ

የእማማ ቤት ቋሚ፣ ማገርና ወራጅ ሁሉም ባሕር ዛፍ ነበር። ባሕር ዛፍ እንግዳ ነው፤ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ስሙም ይኸንኑ ነው የሚናገረው፤ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ዛፍ። ወደ አዲስ አበባ የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ጽድና ወይራ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ አለቀ። ንጉሡም በ1890ዎቹ መጀመሪያ ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደምትገኘው አዲስ ዓለም ሊዛወሩ ተነስተው ነበር። ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንፃ በኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባን ከመሰደድ ካዳኗት ነገሮች አንዱ ይህ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ሲቆርጡት ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ እንደገና መትከል አያስፈልግም።

አገራችን በብዛት ያሉት ሁለት ዓይነቶች ናቸው፤ ነጭ ባሕር ዛፍና ቀይ ባሕር ዛፍ። ነጩ ደግሞ አንድ ጉድ አለው። ልጅ ሳለ ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው። ሲያድግ ግን እንደ ማጭድ የቀጠነና የተንጠለጠለ ቅጠል ያወጣል። እኛ ሁለት የተለያዩ ዛፎች ይመስሉን ነበር! ጉንፋን ሲይዘን እማማ ቅጠሉን አፍልተው፣ ጋቢ አከናንበው ያጥኑን ነበር። እየታጠንን እንኳ አልጠየቅንም።

ጥፋትም አለበት። ውኃ ይጠጣል፤ ከሥሩም እምብዛም ሌላ ነገር አያበቅልም። እማማ ግን አይወቀስባቸውም። «ያለ እሱ ምን በልተን እናድር ነበር? ቅጠሉ ነው እንጀራውን ያበሰለው» ይላሉ።

ቁራ

ቆርቆሯችን ላይ ጠዋት ጠዋት ኳኳታ የሚያሰማው፣ ሥጋ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ እንደ ባለ ዕዳ የሚጠብቀው ትልቁ ጥቁር ወፍ ቁራ ነው። ዓለም ሁሉ እንዲህ ያለ ቁራ ያለው ይመስለን ነበር። የለውም። ማጅራቱ ላይ እንደ መሐረብ ያለ ነጭ ምልክት ያለበት፣ መንቆሩ የደለበው ይህ ቁራ የአፍሪካ ቀንድ ወፍ ነው። ኢትዮጵያና ኤርትራ ደገኛ አካባቢዎች ካልመጡ በቀር አያገኙትም። ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፤ በቁራ ዘር ውስጥ ከትልልቆቹ አንዱ ነው። አንድ ቀን አንድ የውጭ አገር ሰው ሰፈራችን ቆሞ ቁራ ፎቶ ሲያነሳ የሰፈር ልጆች ሆነን «የሚነሳ ነገር አጥቶ ነው» ብለን ስቀንበታል። ለካ የሚሳቅበት ሌላ ነበር።

ተረቱን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኖኅ ውኃው መጉደሉን አይተህ ና ብሎ ከመርከቡ ቁራን ቢልከው በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ተልኮ የቀረ ሰው ሁሉ የቁራ መልእክተኛ ይባላል።

ከቁራው ቀጥሎ ደብተራችን ላይ የሰፈረው ጅብ ነው። እማማ በልጅነታቸው ጅብ በወንዙ በኩል ሽቅብ እየመጣ ሌሊቱን ሲጮህ ያድር እንደነበር ያስታውሳሉ። ይኼን አልረሱም። «አያ ጅቦ» እያልን ብንጠራውም፣ መንጋውን የምትመራው ግን እትዬ ጅቢት ናት። በእኛ አገር በብዛት በሚገኘው ዝንጉርጉር ጅብ ዘንድ ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች፤ ቀድማም ትበላለች። የጅብ ኩስ ነጭ የሚሆነው ደግሞ አጥንት ሰባብሮ ስለሚበላ፣ ካልሲየሙ ስለሚበዛ ነው። ይኼን ለእማማ ስንነግራቸው «ይኼንንም ዩኒቨርሲቲ ነው የተማርሽው?» ብለው አፈሩልን።

ምጣድ

ምጣድ ሸክላ ነው፤ ስፋቱ ከግማሽ ሜትር ይበልጣል። አዲስ ምጣድ ገዝቶ ወዲያው መጋገር የለም፤ መሟሸት አለበት። ምጣዱ እሳት ላይ ይጣድና የተወቀጠ ጎመን ዘር ደጋግሞ ይታሻል። ዘይቱ በሸክላው ቀዳዳዎች ገብቶ ያጠቁረዋል፤ ያለሰልሰዋል። ያኔ ሊጡ አይዝም። ከዚያ በኋላም ለእያንዳንዱ እንጀራ በማሰሻ ይታበሳል። ሊጡ ከዳር ተጀምሮ እየዞረ ወደ መሐል ይፈስሳል፤ ዓይን ሲያወጣ አክንባሎው ይደፋበታል። እንጀራ አይገለበጥም፤ ከሥር ምጣዱ፣ ከላይ የራሱ እንፋሎት ነው የሚያበስለው። ዓይኑ እርሾው ሊጡን ሲያቦካ የፈጠረው አየር ሲወጣ የሚተወው ቀዳዳ ነው። አብሲት የሚጣለው ደግሞ ከሊጡ ጥቂቱ በፈላ ውኃ በስሎ ሲመለስ ሊጡን ስለሚያያይዘውና ኩፍ ስለሚያደርገው ነው። «አብሲት የሌለው እንጀራ ቆዳ ነው» ይላሉ እማማ፤ ይኼን ሲሉ በዓይናቸው እኛ የጋገርነውን እያዩ ነው።

«ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» እንላለን አይደል? ተረቱን ከአፋችን አንለየውም፤ አይጧ ለምን እንደምታልፍ ግን ልብ ብለን አናውቅም። ምጣድ ሸክላ ነዋ! ምጣዱ ላይ ያለችውን አይጥ በዱላ ብትሏት ምጣዱም ይሰበራል። የእማማ ትልቁ ምጣድ ለሠላሳ ዓመት የአይጥ ዘር አሳልፎ አሳልፎ፣ ዕቃ ስናጓጉዝ መኪናው ላይ ተሰነጠቀ። አይጦቹ የት እንደገቡ እግዜር ይወቅ።

አሁን እማማ ቤት ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። እሱም ከላይ ሸክላ ነው፤ ከሸክላው ሥር ሽቦ ተዘርግቶበታል። 3.5 ኪሎ ዋት አካባቢ ይፈልጋል፤ ብዙ አምፖል ተሰብስቦ የማይበላውን መብራት አንድ ምጣድ ይበላል። ቅዳሜ ጠዋት ሕንፃው ሁሉ አንድ ላይ ምጣድ ሲጥድ መብራቱ ለምን እንደሚደክም እንግዲህ ገባን።

ቤቱ

የእማማ ቤት ቅርስ አልነበረም። ማንም አስጎብኚ በደጁ ቆሞ አያውቅም። ጭቃ ቤት ነበር፤ ግን ጭቃ ቤትም እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል። መጀመሪያ ቋሚው ይተከላል፤ ማገር ይመታበታል። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቀላቅሎ በእግር ይረገጣል፤ ለቀናት እየተነካካ እንዲቦካ ይተዋል። ጭዱ ባይኖር ጭቃው ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ቤቱን እንደ ጅማት አያይዞ የሚያቆመው ጭዱ ነው። አንዴ ይመረጋል፤ ይደርቃል፤ ከዚያ ሁለተኛው ምርጊት ይከተላል። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ ነበር። ማታ ማታ አቡጀዲው ላይ አይጥ ሲሮጥ ጥላው ይታይ ነበር፤ እኛ ሲኒማ እንለው ነበር።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ እማማ የተከራዩት ቤት የቀበሌ ቤት ሆነ። በሩ ላይ በቆርቆሮ የተጻፈ ቁጥር ተመታበት። ቤቱ ሲፈርስ እማማ ከሁሉ ዕቃ በፊት ያወጡት ያንን ቁጥር ነው። ዛሬ የኮንዶሚኒየሙ ማቀዝቀዣ ላይ ተደግፎ ቆሟል።

ሲፈርስ ቆመን አይተናል። የጎኑ ግድግዳ ሲደረመስ ከጭቃው መሐል ጭድ ወጣ። ቢጫ ነበር። ያ ሁሉ ዓመት በጨለማ ኖሮ ትናንት ከአውድማ የመጣ ይመስል ነበር። ከጎናችን የቆመ ልጅ በስልኩ ይቀርጽ ነበር። እኛ፣ ባለሙያዎቹ፣ አንድ መስመር አልጻፍንም። አልቅሰን ሄድን።

ከቤታችን ጥቂት ከፍ ብሎ ጣይቱ ሆቴል አለ። እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. ያሠሩት፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው ሆቴል የሚባለው ነው። ልጅ ሳለን በየቀኑ በደጁ አልፈናል። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ተነስቶ ከፊሉ ሲቃጠል ነው ዕድሜውን የሰማነው፤ ዜና ሆነ ማለት ነው። ሰፈራችን «ፒያሳ» የተባለው ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩበት ጊዜ በራሳቸው ቋንቋ «አደባባይ» ብለውት መሆኑን፣ «ለገሃር» የምንለውም ፈረንሳይኛው «ባቡር ጣቢያ» ያለው መሆኑን ያወቅነው አድገን ነው። በየቀኑ የምንጠራውን ስም ሳንጠይቀው አደግን።

ያቺ ዛፍ

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ዛፏን ፍለጋ መጀመሪያ ያገላበጥነው ፎቶ ነው። በመቶ የሚቆጠር ፎቶ አለን፤ ሁሉም የእኛ ነው። በአንድ የእንቁጣጣሽ ፎቶ ላይ ከትከሻችን ጀርባ ግማሽ ቅርንጫፍ ይታያል። በቃ። አብረውን ያደጉ ልጆች ጋ ደወልን። አንዷ «ትልቋ ናት?» አለችን። ሌላው «ጥድ መሰለኝ» አለ፤ እሱ ምርጫ ላይም እንዲሁ ነው፣ ሁልጊዜ መሰለኝ ነው የሚለው።

መጨረሻ ላይ ወደ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ሄድን። አሮጌ ዛፍ የሚገኘው እዚያ ነው፤ በአገራችን የጥንቱ ደን የተረፈው በብዛት በየደብሩ ዙሪያ ነው። ገና ከበሩ ገባ ስንል አወቅናት። ግንዷ የተጠማዘዘ፣ ቅጠሏ ጠባብ፣ ከላይ ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ገርጣ ያለ። ከሥሯ አንድ አዛውንት ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ የዚች ዛፍ ስም ማነው?»

ቀና ብለው አዩን። «ልጄ፣ ከየት አገር ነው የመጣሽው?»

«ከፒያሳ።»

«ወይራ ናታ!» አሉ፤ ስለ እኛ አፍረው።

ወይራ! ያች መጽሐፍ ላይ ዘወትር የምናነባት። የእኛው የደጋ ወይራ ዘይት ከሚጨመቅበት ከሜዲትራኒያኑ ወይራ ጋር አንድ ዘር ነው፤ ፍሬው ብቻ ትንሽና ሥጋ የሌለው ነው። ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ለዚህም ነው እንጨቱ ጠንካራና ከባድ የሚሆነው። ዱላ ይሆናል፤ መፋቂያ ይሆናል። በጢሱ የወተት ዕቃና የጠላ ጋን ይታጠናል። ከሥሯ ወድቃ ያገኘናትን አንዲት ቅርንጫፍ አዛውንቱን አስፈቅደን ይዘን ሄድን።

እማማ ቅጠሏን በጣታቸው አሹት። አገላብጠው ሥሩን አዩት። ቀጥሎ እንጨቷን ነከስ አደረጉና ዝም አሉ። እኛም ዝም አልን።

«ወይራ!» አሉ። «ጋኔን የማጥንባት!» ከዚያ ማን ያቁማቸው። ፍሙ ላይ የወይራው ፍልጥ እንዴት እንደሚጨመር፣ ጋኑ በጢሱ ላይ እንዴት እንደሚደፋ፣ ጢሱ ሳይወጣ እንዴት ቶሎ እንደሚከደን፣ ጌሾው ቅጠሉ ለጠላ እንጨቱ ለጠጅ እንደሚሻል፣ ለማን ሰርግ ስንት ጋን እንደጠመቁ። አራት ገጽ ጻፍን። እጃችን ዛለ።

ሲደክማቸው ትራሱን ደገፍ አሉና፣ «የቁራ መልእክተኛ ብዬሽ ነበር፤ ዛሬስ እርግብ ሆንሽ» አሉን። እርግቧ ለኖኅ ያመጣችለት የወይራ ቅጠል መሆኑ ትዝ ያለን ደረጃው ላይ ነው።

እናንተስ? ቤታችሁ በር ላይ ያለችውን ዛፍ ስም ታውቃላችሁ? የምታውቁ ከሆነ ጻፉት። የማታውቁ ከሆነ የሚያውቅ ሰው ሳለ ጠይቁ። ጥያቄው ከባድ አይደለም፤ ስሙ ማነው፣ ከየት መጣ፣ ለምን ይጠቅማል፣ ይኸው ነው። ደብተርም ውድ አይደለም።

በማግስቱ ሰኞ እማማ ደወሉ።

«ልጄ፣ ያቺ በራችን ላይ የነበረችው ዛፍ... ስሟ ማን ነበር?»

«ወይራ ናት እማማ» አልናቸው።

ቸር እንሰንብት።